የዌልደን የመጨረሻዋ ጊታር

ጎሳዬ ዋይትሆል ከተማ ውስጥ በሚስተር ዌልደን ትንሽ ወርክሾፕ ለብዙ ዓመታት ፔዳል ስቲል ጊታር ሠርቷል። ይህ ጊታር እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ የሚቆም፣ ተጫዋቹ ፔዳል እየረገጠ ድምፁን የሚለዋውጥበት ነው። የሽማግሌው የዌልደን እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እንጨቱን የሚቆርጠውም ብረቱን የሚሞርደውም ጎሳዬ ብቻ ሆነ። ሽማግሌው አጠገቡ ተቀምጦ «ከሚቀጥለው ጀምሮ ያንተም ስም ይጻፍበታል» ይለዋል። የሚቀጥለው ሲያልቅም ያንኑ ይደግምለታል። እንዲህ እያለ ሞተ።

የሽማግሌው ልጅ ዶና የአባቷን ስም ለአንድ ትልቅ የጊታር ኩባንያ ሸጠችው። ኩባንያው ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ጎሳዬ ከሚስቱ ከሰናይት ጋር ሄደና ከመስታወት ጀርባ የቆመችውን ቀይ ጊታር ገና ከሩቅ አወቃት። አስጎብኚው «ዌልደን በገዛ እጁ የሠራት የመጨረሻዋ ጊታር ይቺ ናት» አለ።

«ንገረው እንጂ» አለችው ሰናይት።

እሱ ግን እዚያው ከእንግዶቹ መሃል ወደ ቆመችው ወደ ዶና ጠጋ አለ። «እኔ እንደሠራኋት ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው የሚገዛው ግን የአባቴን ስም ነው።»

ጎሳዬ በራሱ ስም አንድ ጊታር ሠራ። ሙዚቀኞች እየመጡ ሞከሩት፤ «ልክ እንደ ዌልደን ነው» እያሉ አደነቁትና ሳይገዙት ሄዱ። ክረምቱ ሲገባ ኩባንያው ኮል አድርጎ የዌልደን ስም የሚጻፍባቸውን ጊታሮች እንዲሠራ ሥራ ሰጠው፤ እሱም እሺ አለ።

አሁን ቸርች ውስጥ ሰዎች ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁት «ፋብሪካ ነኝ» ይላል። ሰናይትም «ንገራቸው እንጂ» አትለውም።