የካቺንግዌ ወንድነት

ወንድሜ ካቺንግዌ ጅል ነው። ሊሞት ነው ብዬ አላሳምረውም።

እኛ ሐይቅ ዳር ሰዎች ዘንድ ልጅ የሚታዘዘው ለእናቱ ወንድም ነው። የልጄን የዳሊሶን ነገር የሚቆርጠው አባቱ ሳይሆን ካቺንግዌ ነው። ታዲያ ይሄ ቆራጭ ምን ይላል መሰላችሁ? ወንድ ልጅ ደም ሲሸና ወንድ ሆነ ይላል። እሱ በአሥር ዓመቱ ቀይ ሲሸና አያታችን ዶሮ አርደውለታል። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ሲያወራ የኖረው ይህንኑ ነው። ሌላ የሚያወራው ቢኖረው ይረሳው ነበር።

ጤና ረዳቷ የቢልሃርዚያ ኪኒን ይዛ ትምህርት ቤት ስትመጣ፣ ልጆቹን በእንጨት ለክታ በቁመታቸው ልክ ታድላለች። የእኛ ቤት ልጆች ግን በዚያ ቀን መረብ ጥገና ይላካሉ። ኪኒኑ ወንድነት ያደርቃል ብሏላ ካቺንግዌ! አምና ዳሊሶ በአሥራ አራት ዓመቱ ደም ሸናና እየሳቀ ነገረኝ። ካቺንግዌም ዶሮ ይዞ ከተፍ አለ። ዶሮዋም የኔ ነበረች።

ዘንድሮ ደሙ ካቺንግዌ ራሱ ላይ ተመለሰ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? ጎረመስኩ ብሎ ዓሣ ተራ ላይ ደረቱን ነፋ። ሁለተኛ ሚስት ሊያጭም ሽማግሌ ላከ። የልጅቷ እናት ሽማግሌዎቹን ዓሣ አብልታ እየሳቀች ሸኘቻቸው። ወር ሳይሞላ ደሙ ረግቶ ሽንቱን ዘጋውና ያ ጎረምሳ በቃሬዛ ሆስፒታል ገባ።

ሐኪሙ አልደበቀንም። ከሐይቁ ቀንድ አውጣ የሚወጣው ትል በቆዳ ይገባል፣ እንቁላሉም የሽንት ፊኛ ላይ ይቀራል አለን። ሰውነቱ ያንን እንቁላል አርባ ዓመት ሲዋጋ ፊኛው ሳይድን ቆስሎ ኖረ። ሥጋው ቁስሉን ልጠግን ብሎ ሲባዛ ሲባዛ መንገዱን ሳተና ካንሰር ሆነ። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ ግን በጊዜው መታከም ነበረበት አለ።

ለልጄ ኪኒኑን ለምኜ ተቀበልኩ። ዳሊሶ ግን አጎቴ ካላዘዘኝ አልውጥም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእኛ ቤት ሞኝ ደግሞ ለእህቱ ልጅም ያወርሳል።

ስለዚህ ልጁን እየጎተትኩ ወስጄ ካቺንግዌ አልጋ አጠገብ አቆምኩት። ሽንቱ በቱቦ ወደ ከረጢት ይወርዳል፤ ቀይ ነው።

"አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው" አልኩት። "በሽታ ነው በለው።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"እንዴት ልበለው?" አለ። "ይሄ በሽታ ከሆነ፣ እኔ ታዲያ መቼ ነው ወንድ የሆንኩት?"

ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ አፌ ላይ እያለ አለቀስኩ። ለእሱ ማልቀሴ እስካሁን ያናድደኛል።

ዳሊሶ አጎቱን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ኪኒኖቹን ከመዳፌ አነሳና የሚውጥበት ውሃ ፈለገ። ካቺንግዌ ፊቱን ሳይመልስ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና የራሱን ብርጭቆ ገፋ አደረገለት።

በዕድሜው የሠራው የወንድ ሥራ ያ ብቻ ነው።