የቶርላይፍ ማዕበል

ኖርዌይ፣ በርገን በሚገኘው የባሕር ምርምር ቤታችን የማዕበል ትንበያውን ፕሮግራም የጻፉት አለቃዬ ቶርላይፍ ነበሩ፤ ከአርባ ዓመት በፊት፣ ፎርትራን በሚባለው የድሮ የኮምፒውተር ቋንቋ። ጡረታ ሲወጡ «ኢንጉን፣ አደራሽን!» ብለው ለእኔ ትተውት ሄዱ።

አዲሱ ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም እምቢ አለኝ። ሦስት ሳምንት ታገልኩት። ለካስ ረጃጅሞቹን መስመሮች ሰባ ሁለተኛው ፊደል ላይ እየቆረጠ ቀሪውን ይጥል ኖሯል። እንዳይቆርጥ አዘዝኩትና እንደገና አስነሳሁት፤ አንድም ስሕተት ሳያወጣ ጨረሰ።

ኮዱን አትሜ በዝናብ ወደ ቶርላይፍ ቤት ሮጥኩ። ባለቤታቸው ሶልቬይግ በሩን ከፈቱልኝ።

«ዛሬ እኔንም አላወቀኝም» አሉኝ። «ግን ግቢና ንገሪው።»

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ጋሼ፣ ሠራልኝ እኮ!»

ገጾቹን ቀስ ብለው አገላበጡ። «የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ!»

«አይ ልጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከየት አውቄ?» ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ አሳለፉ። «የጻፈው ሰው ግን ብዙ ደክሟል። ስታገኚው አመስግኚልኝ።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩና እንባዬን እንዳያዩብኝ አጎንብሼ ገጾቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።