ሾርባው መጨረሻ ነው

ፌሊሳ ሥጋውን ፍርፍር እስኪል ከትፋ፣ ሳህኑን ይዛ ወደ ባሏ መኝታ ቤት ወጣች። ቶሪቢዮ ጉሮሮው እንቢ ካለው ሰንብቷል። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯት ነበር፤ ፈሳሽ ካልወሰደ አይሰነብትም።

ፈሳሽ ደግሞ ምን ጠፍቶ! ሽምብራውና የአሳማው ሥጋ የተቀቀለበት ሾርባ ከጠዋት ጀምሮ ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ግን ሰውዬው በስፔን የአስቶርጋ ገጠር ሰው ነው። በዚያ አገር ምሳ የሚጀመረው በሥጋ ነው፤ ቀጥሎ ሽምብራና ጎመን ይመጣል፤ ሾርባ መጨረሻ ነው። በቅሎ ጭነው ይነግዱ የነበሩ አያቶቹ «ከቀረ ሾርባው ይቅር» እያሉ በልተው ተነሥተዋል፤ እሱም ሞት ደጁ ላይ ቆሞ እያየው ተራ አላፋልስም አለ። ፌሊሳ ድሮ ይህን ግትርነቱን ትወድለት ነበር። አሁን አንገቱን ብታንቀው በወደደች።

«እባክህ፣ ሁለት ማንኪያ ሾርባ ብቻ!»

«ሥጋ ሳልበላ? እንደ ማድሪድ ሰው?»

«ማን ያይሃል አንተ ሰው?»

«እኔ አያለኋ።»

ትንሽ ሥጋ ጎረሰ፤ አላመጠ፤ መዋጥ ሲያቅተው የአፍ መጥረጊያ ጨርቁ ላይ ተፋውና ጠቀሳት። ፌሊሳ ሳህኑን አጠገቡ ትታ እንባዋን እየጠረገች ወረደች።

ታች ምግብ ቤቷ ጢም ብሏል። እንግዶቹ ለዚሁ ምሳ ሲሉ ከማድሪድ ድረስ የመጡ ናቸው። አንዱ መነጽራም እጁን እያሻሸ፣ «እማማ፣ ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ ሾርባውን ቢያስቀድሙልኝስ?» አላት።

ሌላ ቀን ቢሆን በቀልድ ታልፈው ነበር። «እዚህ ቤት ሾርባ የሚያስቀድም የለም!» ብላ ጮኸችበት።

የገዛ ቃሏ ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ ፌሊሳ ደነገጠች፤ ባሏን በረሃብ የሚገድለው ይኸው ሕግ ነው። ድስቱን አንሥታ ለመነጽራሙ ቀዳችለት። አጠገቡ ለተቀመጠው ቀዳች። ለሁሉም ቀዳች።

«አክስቴ፣ ምን ነካሽ? ሰው ምን ይለናል?» አለች አስተናጋጇ፣ የእህቷ ልጅ ዶሪታ።

«ያለውን ይበል! ዛሬ ሁሉም በሾርባ ይጀምራል!»

የባሏን ድርሻ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ቤቱ በሙሉ ተራውን አፋልሷል፣ አንተ ብቻህን ምን ቀረህ ልትለው ነበር። እሱ ቀደማት።

«ፌሊሳዬ፣ ሾርባውን አምጪልኝ።»

ልቧ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ግን የሥጋውን ሳህን አየችው። ቶሪቢዮ ሹካና ቢላዋውን አጋጥሞ አስቀምጧል፤ የተረፈውን ሥጋ፣ ምሳ በልቶ በጠገበ ቁጥር እንደሚያደርገው፣ በጨርቁ ሸፍኖታል።

«ሥጋው በቃኝ» አላት፣ በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ። «አንሺው። በሾርባው ልጨርስና እኔም እንደ አያቶቼ ልነሣ።»

ያን ሁሉ ቀን የለመነችው ሾርባ እጇ ላይ እየተነነ ነው። ጎድጓዳውን ሳህን ከኋላዋ ደበቀች፤ ሲፈስባት መቃጠሏንም አላወቀች።

«የለም! ሾርባ የለም!» አለች እያለቀሰች። «ምን ያስቸኩልሃል? ሽምብራው መቼ ቀረበና! ጎመኑ መቼ ቀረበና!»