እጅ የለመደው ኤዲተር

የወንድሜ ዓይን የሚጠፋው ከዳር ወደ መሐል ነው። አሁን የኮምፒውተሩን ገጽ የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው፤ መሐሉን እንጂ ጥጉን አያይም።

እሱ ፕሮግራመር ነው። እኔ እዚያው ቢሮ ሞካሪ ነኝ፤ እነሱ የሠሩትን እየነካካሁ መስበር ነው ሥራዬ።

ባለፈው ሳምንት ሳያውቀው የሰረዘው የኮድ መስመር የአውቶቡስ ቲኬት መሸጫውን ግማሽ ቀን አቆመው። ዛሬ ጠዋት አለቃችን መጣና፣ "በፈለግከው ኤዲተር ጻፍ፤ ብቻ የቲኬት ገንዘብ መመለሻውን ኮድ ከሥራ ሳንወጣ ጨርስ። ካልሆነ ሰኞ ስልክ ክፍል ትገባለህ" አለው። ስልክ ክፍል ማለት ደንበኛ ሲሰድብ "ይቅርታ" እያሉ መዋል ነው። ወንድሜ ደግሞ ኮድ መጻፍ ነው ነፍሱ።

የእሱ ኤዲተር፣ ኮድ የሚጽፍበት ፕሮግራም፣ ጥቁር መስኮት ነው፤ ማውስ አይፈልግም። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ጠባይ አለው። አንዴ ፊደል ይጽፋል፤ አንዴ ትእዛዝ ሆኖ ይሰርዛል፣ ይቆርጣል፣ ይዘላል። የቱ ላይ እንዳለህ የምትነግርህ ከታች ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ጽሑፍ ናት። አጉልቼለት ነበር። ጥግ ግን ጥግ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ኖኅ መርከቡን የሠራበት ነው እንዴ?" አለ ጢሞ የምንለው የጠረጴዛ ጎረቤቱ። "የእኛን ሞክረው። ፊደል ስትነካ ፊደል ነው የሚጽፈው። ያነብልሃል፣ ስትሳሳት ይቆጣሃል።"

"አማት በለኛ!" አለ ወንድሜ።

ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

"ጋሼ፣ በናትህ ቀይረው" አልኩት ጠጋ ብዬ።

"እታለም፣ ከተማሪነቴ ጀምሮ እጄ የሚያውቀው ይሄን ነው። ዓይኔ ሄደ። እጄንም ልስጣቸው?"

ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ዓይኑን ለማሳረፍ ጨፍኖ ነው የሚጽፈው። ጣቶቹ እንደ ዝናብ ወረዱ። አለቃው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከኋላው ቆመ። ፍጥነቱን አይቶ ፊቱ ፈታ አለ። እኔ ጥጉን አየሁ። ባዶ ነው፤ ቁልፎቹ ትእዛዝ ላይ ናቸው ማለት ነው። ወንድሜ የሚጽፍ መስሎታል፤ መስመሮቹ ግን አንድ በአንድ እየጠፉ ነው።

ዝም ብል እንደዚያው ያስቀምጠዋል። ብናገር አለቃው ይሰማል።

"ጋሼ" አልኩ። "እየጻፍክ አይደለም። እየሰረዝክ ነው።"

ጣቶቹ ቆሙ። የጠፋውን ለመመለስ ጊዜ አልፈጀበትም። አለቃው ግን ሰምቶ ወደ ቢሮው ሄዷል።

ወንድሜ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "የጢሞን ክፈቺልኝ።"

ከፈትኩለት። የመጀመሪያውን መስመር ጻፈ። ወዲያው ከኮምፒውተሩ የሴት ድምፅ፣ "ጄ፣ ጄ፣ ጄ፣ ጄ" አለ።

"ምንድን ነው የምትለው?"

"ጣትህ ነው፣ ጋሼ። ወደ ታች ልትወርድ ነበር። በጥቁሩ የጄ ቁልፍ ያወርድሃል፤ እዚህ ፊደል ይሆናል።"

ሰረዘው። ትንሽ ጻፈ። "ጄ፣ ጄ።" ጢሞ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው።

ወንድሜ የቀኝ ሌባ ጣቱን ወደ መዳፉ አጥፎ በቀሩት ቀጠለ። የቀሩትም ግን የየራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ሴትዮዋ ያላዘዛትን ፊደል ትጠራለች፤ እሱ ይሰርዛል፤ ደግማ ትጠራለች። ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን እየዘጋ ተነሣ። አለቃው ኮቱን ለብሶ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ወንድሜ ጣቱን እንዳጠፈ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር።