ባለ አምስት ቀለም መክሰስ

አናጢው በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኑ የሠራው ወንበር አንድም ቀን ተመልሶበት አያውቅም። የልጁ መክሰስ ግን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተመለሰበት።

ሚስቱ ለሥራ ሥልጠና ሦስት ወር ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ የአራት ዓመቷን ድምቡሼን አደራ ብላው ሄደች። ድምቡሼ የቤት ስሟ ነው፤ ጉንጮቿን አይቶ ያወጣላት አጎቷ ነው። አናጢው ልጅ ማጠብም ሆነ ፀጉር ማበጠር አላቃተውም፤ አንዱ ጉንጉን ከሌላው ቢወፍርም ለእሱ ዓይን ደህና ነበር። መክሰስማ ምን ይከብዳል ብሎ፣ ሁለት የተቀቀለ ድንች፣ አንድ እንቁላልና አንድ ሙዝ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ከተተና ወደ መዋዕለ ሕፃናት ወሰዳት። ጤነኛ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ለካ መዋዕለ ሕፃናቱ የመክሰስ ኮሚቴ አለው።

ኮሚቴው አምስት እናቶች ያሉበት ሲሆን ሊቀመንበሯ የጥርስ ሐኪም ናት። ዓላማው የተቀደሰ ነው፦ ከረሜላና ብስኩት ይቅር፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይግባ። ይኼን ማን ይጠላል? አሥራ አንድ ገጽ መመሪያም አዘጋጅተዋል። ምሳ ዕቃው ተከፍቶ ሲታይ አምስት ቀለም እንዲኖረው፣ ቁራጮቹ እኩል እንዲሆኑ፣ ቢቻል የእንስሳ ቅርጽ እንዲይዙ ያዛል። በአሥራ አንዱም ገጽ ውስጥ «መብላት» የሚል ቃል የለም። አናጢው ደጋግሞ ፈልጎ አጥቶታል።

መመሪያው ሥራ ላይ መዋሉ የሚረጋገጠው በፎቶ ነው። በእረፍት ሰዓት ቲቸር የእያንዳንዱን ልጅ ምሳ ዕቃ እየከፈተች ታነሳና በወላጆች ግሩፕ ላይ ትለጥፋለች። ኮሚቴው ወይ አረንጓዴ ኮከብ ይሰጣል ወይ ቀይ ምልክት፤ ወላጅ ሁሉ ያያል። የአናጢው የመጀመሪያ ውጤት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ነጭ፣ ነጭ፣ ቢጫ። ቀለም ይጎድለዋል። ሙዙም ጠቆር ብሏል።» በማግስቱ ካሮት ጨመረ። «ካሮቱ ቅርጽ የለውም» ተባለ።

«ካሮት ከነቅርጹ አይደል እንዴ የሚበቅለው?» ብሎ ስልኩ ላይ ጮኸበት። ስልኩ ምን ይበለው።

በሦስተኛው ቀይ ምልክት ግን እልህ ያዘው። ሰዎቹ ከኪያር አዞ፣ ከእንቁላል ጫጩት፣ ከፖም ደግሞ አንገተ ረጅም ወፍ ይሠራሉ። ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲጠርብ የኖረ ሰው በኪያር ሊበለጥ ነው? የት አባቱ! ጎህ ሲቀድ ተነሳና የሥራ ቢላዋውን ስሎ ጥርሱ የሚቆጠር አዞ ሠራ። ኮከቡን አገኘ። ያን ቀን ለደንበኛ ሳይቀር ስልኩን እየከፈተ አሳየ።

ማታ ድምቡሼን ሲያመጣት ምሳ ዕቃው ከብዶታል። ከፈተው። አዞው አንድ ጥርስ ሳይጎድልበት፣ ጠውልጎ፣ ተኝቷል።

«ምነው እናቴ፣ አልጣፈጠሽም?»

«አልበላሁትም።»

«ለምን?»

«ፎቶ ሳልነሳ ተደወለ።»

ጠጋ ብሎ ጠየቃት። እረፍቱ ሃያ ደቂቃ ነው። ልጆቹ ሠላሳ ሁለት ናቸው። የሚሰለፉት በቁመት ነው፤ ከረጅም ወደ አጭር። ድምቡሼ ደግሞ ከመጨረሻ ሁለተኛ ናት። ከፊት ያሉት ፎቶ ተነስተው ይበላሉ፣ ከኋላ ያሉት ምሳ ዕቃቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ። ነክሶ የተገኘ ልጅ «አበላሸኸው!» ይባላል። ቲቸር ከኋላቸው ያለውን ዛፍ እንዳያሳይ ብላ አንዱን ፎቶ ሁለት ሦስቴ ታነሳለች። ከዚያ ይደወላል።

«ቲቸርን ራበኝ አላልሻትም?»

«ብያታለሁ። ኮከብ ታገኛለሽ አለችኝ።»

አናጢው ልጁን ቀና አድርጎ አያት፤ ጉንጮቿ ጎደል ብለዋል፤ ስሟ ብቻ ነው ያልከሳው። ሚስቱ ተመልሳ «ልጄን ምን አደረግካት?» ብትለው ኮከብ ሊያሳያት ነው? በማግስቱ ቲቸር ዘንድ ሄዶ ነገራት። ቲቸር ለዳይሬክተሯ ነገረች፤ ዳይሬክተሯ ለኮሚቴው ነገረች፤ ኮሚቴው ገጽ አራትን ያንብቡ አለ። ገጽ አራት ስለ ብርሃን አቅጣጫ ነው።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የአልጋ እግር ሲያስተካክል የተረፈ ቁራጭ እንጨት እግሩ ሥር ወደቀ። አንስቶ አገላበጠው፤ ውፍረቱ ልክ ካሮት ነው። ሥራውን ጥሎ ተቀመጠ። ካሮት ሠራ። ኪያር ቆራረጠ። የፖም ቁራጭ፣ የእንቁላል ግማሽ፣ ሦስት የወይን ፍሬ አወጣ። በብርጭቆ ወረቀት አሻሻቸው፤ ሕፃን አፍ ቢገባ የማይጎዳ ቀለም ቀባቸው፤ የእንጨት ዘይት አስነካቸው። ሲጨርስ ራሱም ምራቁን ዋጠ።

«ስሚኝ» አላት ልጁን ጠዋት፤ «ይኼ ለቲቸር ነው፤ አይበላም። ያንቺ ኪስሽ ውስጥ ነው። ሰልፍ ላይ ሆነሽ ብዪ።»

ድምቡሼ ሰልፍ ላይ ሆና ድንቿን በላች። እንቁላሏን በላች። ተራዋ ሲደርስ አፏን በክንዷ ጠርጋ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። አረንጓዴ ኮከብ! በማግስቱም ያው ካሮት፣ ያው ኪያር፣ ያው ወይን፤ ኮከብ። በሳምንቱ መጨረሻ የድምቡሼ ምሳ ዕቃ «የሳምንቱ ምርጥ መክሰስ» ተባለ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዶክተሯ ከሥሩ «ትኩስነቱ ያስታውቃል» ብላ ጻፈች። ለብቻውም ላከችበት፦

«የድምቡሼ አባት፣ ኪያሩ እንዲህ ሳይጠወልግ የሚቆየው እንዴት ቢያደርጉት ነው?»

«ዘይት ቀባ አደርገዋለሁ።»

«የወይራ ነው?»

አናጢው እውነቱን ተናገረ፤ «ጠረጴዛ የሚወደው ዓይነት ነው» አላት። እሷም በሳቅ መለሰችለትና ለኮሚቴው ዘይት መቀባትን እንደ አዲስ ዘዴ አስተዋወቀች። የድምቡሼ ጉንጭ ደግሞ መሙላት ጀመረ፤ አናጢው የፈለገውም ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዳይሬክተሯ ለአዲስ ተመዝጋቢዎች ብላ በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ አሰቀለች። ሰሌዳው ላይ የአናጢው ካሮት ሰው አክሎ ይታያል። ከበላዩ «ትኩስ፣ ጤናማ፣ በፍቅር የተዘጋጀ» ይላል። አናጢው ልጁን ባደረሰ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ጀመረ።

ሐሙስ ዕለት ዶክተሯ ለግሩፑ ቪዲዮ ልትቀርጽ መጣች። ስልኩን ቲቸር ይዛላታለች። ከድምቡሼ ምሳ ዕቃ አንድ የኪያር ቁራጭ አነሳችና ፈገግ ብላ፣ «ትኩስ መክሰስ ማለት ይኼ ነው፤ ሲንኮሻኮሽ ስሙት!» አለች። ነከሰችው። ተንኮሻኮሸ፤ የተንኮሻኮሸው ግን ኪያሩ አልነበረም። የጥርስ ሐኪም በመሆኗ ምርመራውን እዚያው ቆማ ጨረሰች፦ የላይኛው የፊት ጥርስ፣ ጠርዙ ተሸርፏል።

አናጢው ተጠርቶ ሲሮጥ መጣ፤ ሰጋቱራውን ከፀጉሩ እንኳ አላራገፈም። ቢሮው ውስጥ ዳይሬክተሯ ተቀምጣለች፤ ዶክተሯ አፏን በመሐረብ ይዛለች፤ ኪያሩ ጠረጴዛው ላይ አለ። ልጄን ሊያባርሩብኝ ነው ብሎ ፈራ።

«ልጄ እየራባት ነው የሠራሁት» አለ። «ማጭበርበር አይደለም አልልም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያው ካሮት ነው። ልጅ የበላው ካሮት በነጋታው ይመለሳል? አንድ ሰው እንኳ ያላየው ለምንድን ነው?»

ዳይሬክተሯ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሰሌዳው ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። ተነሳችና በሩን ዘጋች።

«የድምቡሼ አባት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሠላሳ አንድ ልጆች ደግሞ አሉን።»

«እ?»

«ለሁሉም የሚሆን በስንት ቀን ያደርሱልናል?»

ዶክተሯም ከመሐረቡ ሥር፣ «ካሮቱ ትንሽ ቀላ ይበል» አለች።

አናጢው ጆሮውን ማመን አቃተው። ሆኖም ቶሎ አሰበና አንድ ነገር ጠየቀ፦ ፎቶው ጠዋት ትምህርት ሳይጀመር ይነሳ፣ የእረፍቱ ሃያ ደቂቃ ግን የልጆቹ ይሁን፤ ከቤት የመጣላቸውን ቁጭ ብለው ይብሉ። ተስማሙ። ሁሉም ይጠግባል ብሎ ተደሰተ። ደግሞ አይካድም፣ የእጁ ሥራ መፈለጉም ልቡን ሞቅ አድርጎታል። በአሥር ቀን ውስጥ ሠላሳ አንዱንም አስረከበ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ሠርግ ነበር። ልጆቹ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በሉ፤ ግሩፑ በኮከብ ተጥለቀለቀ፤ ቲቸር እንኳ ቁጭ ብላ የራሷን ዳቦ የገመጠችው ያን ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ድምቡሼ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ድስት ከፈተች።

«ራበኝ አባዬ።»

«ሁለት ድንችና እንቁላል አልያዝሽም እንዴ?»

«አካፈልኳቸው።»

«ማንን?»

ቆጠረችለት። አምስት ልጆች ናቸው። የመጨረሻው ጥርሶ ነው፤ ፊት ጥርሱ ፍንጭት ስለሆነ ልጆች እንዲህ ይሉታል። የዶክተሯ ልጅ።

«እነሱ ምንም አልያዙም?»

«ይዘዋል» አለች ድምቡሼ፤ «አንተ የሠራኸውን።»

አናጢው ተቀመጠ። ገባው። ኮከቡ ከተገኘ ጠዋት ተነስቶ ድንች የሚልጠው ማን ነው? የእሱ ካሮት አይላጥ፣ አይበላሽ፣ አያልቅ። ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፣ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። እፍረት ከእግሩ እስከ ራሱ ወረረው። እሱ የራሱ ልጅ ተርባ አብዶ ነበር፤ አሁን አምስት የሰው ልጅ ያስራበው እሱ ነው፣ ያውም ተጠቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ።

በማግስቱ ጠዋት በአንድ እጁ ባዶ ጆንያ፣ በሌላው ድስት ሙሉ የተቀቀለ ድንች ይዞ በሩ ላይ ቆመ። የሚገባውን ልጅ ሁሉ ምሳ ዕቃውን አስከፈተ፤ እንጨቱን ወደ ጆንያ፣ ድንቹን ወደ ልጁ እጅ። ዳይሬክተሯ ከመስኮት ጮኸች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ወላጆች ገሚሱ ሰዓቱን አየ፣ ገሚሱ መሬት አየ። ዶክተሯ ጥርሶን ይዛ ደረሰች።

«ምን እያደረጉ ነው? ፎቶው አሥር ደቂቃ ነው የቀረው!»

«የሠራሁትን ወስጃለሁ።»

«ታዲያ ምኑን እናንሳ?»

«ልጆቹ ሲበሉ አንሱ» አለ አናጢው በንዴት።

የዶክተሯ ፊት በራ። «ውይ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው!» ብላ ስልኳን አወጣች። ጥርሶ ድንቹን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዴ ገምጦ፣ ሁለተኛውን ሊገምጥ አፉን ከፍቷል።

«ቆይ የኔ ጌታ፣ አትንከሰው። ይኼ ተቦጭቋል» አለችና ድንቹን ከእጁ ወስዳ ያልተነካ ሙሉ ድንች ሰጠችው። አፉን በመሐረብ ጠረገች። ቀለም ይጎድለዋል ብላ ዙሪያውን አየች። «እንዳትበላ! ዝም ብለህ ያዘውና ሳቅ።»

ጥርሶ ድንቹን አፉ ዳር ይዞ ሳቀ። ዓይኑ ድንቹ ላይ ነው።

አናጢው ስልኩን ከእጇ ወሰደና ጆንያው ውስጥ፣ ካሮቶቹ ላይ ጣለው።

«ብላ ልጄ» አለው።

ጥርሶ እናቱን ቀና ብሎ አያትና፣ በሁለት እጁ ይዞ በላ።