ቆዳ የለበሰው ቢላ

ሁለቱ እህትማማቾች ከእናታቸው በዓሣ ገበያው ውስጥ አንድ መደብ፣ ከአባታቸው ደግሞ ሁለት ቢላ ወረሱ። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መኪናዋ በመጨረሻ አልነሳም ብላ ስትቀር ባሌስትራዋን አስፈታና ብረት ቀጥቃጩ ዘንድ ይዞ ሄደ። «ይቺ ብረት እኔን ተሸክማ ኖራለች፤ ከእንግዲህ ልጆቼን ታብላልኝ» አለው። ከዚያች ብረት መንታ የሚመስሉ ሁለት ቢላዎች ወጡ፤ ቁመታቸው አንድ፣ እጀታቸው ከአንድ ግንድ የተቆረጠ።

ትልቋ ዝምተኛ ነበረች። ታናሿ ደግሞ አፏ አያርፍም፤ ዓሣ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ሳይስቅ አይሄድም። «ሥራው የእሷ፣ ወሬው የእኔ» ትል ነበር ታናሿ፣ ቅርፊቱን እየፋቀች። ትልቋ ይህን ስትሰማ ፊቷን ታዞርና ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ታናሿን አንድ መሬት ለኪ አገባት። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ፣ ሥራው ያለው አውቶቡስ መንገድ አድሮ በሚደርስበት ከተማ ነው። ልትሄድ ስትል ቢላዋን ሚስማር ላይ ሰቀለችና የእህቷን አንገት አቀፈች።

«እታለም፣ ቢላዬን አደራ! ተመልሼ እሠራበታለሁ። ዝገት እንዳታስበዪብኝ።»

ትልቋ አደራ በቀልድ የምትይዝ ሴት አይደለችም። የሐይቁ ጉም ማለዳ ማለዳ በመስኮት እየገባ ብረት የተባለውን ሁሉ ያልበዋል። ስለዚህ የራሷን ቢላ ከሥራ መልስ ጠርጋ በዘይት ስታብስ የእህቷንም ታብሳለች። ቆይቶ ግን ሚስማሩ ላይ ማየቱ ከበዳት። ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄዳ ወፍራም የቆዳ አፎት አሰፋችለት፤ ቢላውን ከተተችበትና ከሣጥኑ ሥር፣ ከልብሶቹ በታች አስተኛችው። እንዲህ ከተሸፈነ ምን ይነካዋል ብላ ነው።

ታናሿ ወለደች፣ ደገመች። የስልክ ወሬያቸው እያጠረ ሄደ። «ቢላዬስ?» ትላለች አንዳንዴ። «ደህና ነው» ትላለች ትልቋ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

አንድ ቀን ታናሿ እየጮኸች ደወለች፦ «እታለም፣ ልመጣ ነው!»

ትልቋ ሣጥኑን ገለበጠችው። ቢላው ከአፎቱ አልወጣ አላት። በጉልበቷ መካከል ይዛ ስትስበው ተንሸራቶ ወጣ፤ ከጫፍ እስከ እጀታው በቀይ ጭቃ የተለሰነ ይመስላል። መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ወይ ጉዴ!» አለች፤ «አደራ በላ ሆንኩ።»

ብረት ቀጥቃጩ አርጅቷል፤ ዓይኑ ከድቶታል። ቢላውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄን ማን ነው ቆዳ ያለበሰው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እንዳይጎዳ ብዬ።»

«ልጄ፣ ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣውን መልሶ ለብረቱ ያጠጣዋል። እንዲህ ያለ ብረት አየር ይሻል። ፍቅርሽ ነው ያፈነው።» ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «አይዞሽ፣ አልሞተም። መፍጫ ማሽን እንዳታስነኪው፤ ይግልና ጥንካሬው ይጠፋል። ኮምጣጤ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልይውና ትንሽ አቆዪው፤ አደራ፣ አይደርበት፣ ኮምጣጤም ብረት ይበላል። ከዚያ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በዘይት እሺው፣ በቁመቱ። እጠቢ፣ እሳት ዳር አድርቂ፣ ዘይት ቀቢ። ከዝገቱ ሥር የሚቀረውን ጥቁሩን ግን እንዳትፍቂ። ቀዩ ሌባ ነው፤ ጥቁሩ ዘበኛ።»

«ከዚያስ የት ላስቀምጠው?»

«ለምን ታስቀምጪዋለሽ? ሥሪበት!»

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አሸችው። ዝገቱ እንደ ደም እየቀላ በጣቶቿ መሃል ወረደ። እያሸች ለእህቷ በሐሳቧ ታወራለች፤ በስልክ ሳትላት የቀረችውን ሁሉ፤ የጎረቤቱ ጠብ፣ የወገቧ ሕመም፣ ከሥራ ስትመለስ የቤቱ ጭር ማለት። ስለቱ ነቃ። እጀታው አጠገብ ግን የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰሉ ጉድጓዶች ቀሩ። በማግስቱ ሁለቱንም ቢላዎች ይዛ ወደ መደቧ ሄደች።

የተባለው ቀን ሲደርስ የክት ልብሷን ለብሳ መናኸሪያ ዋለች። አውቶቡሱ መጣ፤ ሰው ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። ስልኳ ጮኸ። የታናሿ አማት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። «ጤና ይቅደም ሚጣዬ፣ ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ» አለቻት፣ ድምፅዋን አቅንታ። ከዚያ ግን ጠራጊዎቹ ዙሪያዋን እስኪጠርጉ እዚያው ተቀምጣ ቀረች።

ወራት አለፉ። ትልቋ መጠበቁን ትታ፣ አንድ ጠዋት የዓሣ ሆድ ዕቃ እያወጣች ሳለ ከኋላዋ፣ «እሜቴ፣ ዓሣው ትኩስ ነው ወይስ እንደ ባለቤቱ ያረጀ?» የሚል ድምፅ ሰማች።

ዞር አለች። ታናሿ! ወፍራለች፤ ከፊቷ ላይ ልጅነቱ ሄዷል፤ ሳቋ ግን ያው። እጇ ቅርፊት በቅርፊት እንደሆነ ተጠመጠመችባት፤ ማን ቀድማ እንዳለቀሰች አይታወቅም።

ታናሿ ሽርጥ አገለደመች። መክተፊያው ላይ ያሉትን ሁለት ቢላዎች አየችና እጇን ሰደደች፤ አነሳች፤ የእህቷን ቢላ።

«ወይኔ ቢላዬ! ምንም አልሆነም እኮ! እንዴት ብትይዥው ነው?»

ትልቋ አፏን ከፈተች። ታናሿ የገዛ ቢላዋን ረስታዋለች። ለአፍታ ልቧ ተሰበረ፤ ከዚያ የእህቷን የሚያበራ ፊት አየችና አፏን ዘጋች።

«አደራሽ ነበር» አለች፤ ባለ ጠባሳውን አንስታ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ታናሿ ሰነበተችና ሄደች። ትልቋ ያንኑ የራሷን ቢላ በዘይት በራሰ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለ።

«እታለም፣ ቀይ ቀይ እያለብኝ ነው!»

«አጥበሽ ሳታደርቂ ትተሽዋል። አፎት ውስጥስ አላስገባሽውም?»

«ኧረ የለም!»

«በይ ዘይት አምጪ። እየነገርኩሽ ሥሪ።»

ስልኩ ረዘመ። ከዘይቱ ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ ወገብ ሕመሙ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ ታናሿ በየጊዜው ትደውላለች። ትልቋ ሁሌም መጨረሻ ላይ፣ «መቼ ትመጫለሽ?» ትላለች፤ ታናሿም፣ «ትምህርት ቤት ሲዘጋ» ትላለች። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ይከፈታል።

ሰሞኑን ጎረቤቷ ሽንኩርት ሻጭ የመደቡን ግማሽ ባዶ አይቶ፣ «እህቴ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልጠጋ?» አላት።

«አይሆንም ወንድሜ» አለችው፣ ቀና ሳትል። «ሰው አለበት።»