የአረንጓዴው ኩሬ ክስ

ጋሽ አንቀጽ ዶማውን ከግንቡ ሥር አንድ ጊዜ ሰነዘሩና ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ጉድጓዱ ጉልበታቸው ደርሷል። እፍኝ አፈር አንስተው ጨበጡ፤ አፈሩ በጣቶቻቸው መካከል እንደ ዱቄት ፈሰሰ። እርጥበት የሚባል አልነካውም።

ይህ አፈር መርጠብ ነበረበት። ከግንቡ ማዶ የምትኖረው ልብስ አጣቢ የሳሙና ውሃዋን ስትደፋ፣ ውሃው በግንቡ ሥር እየሰረገ የዓሣ ኩሬያቸውን አረንጓዴ እንዳደረገባቸው ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈው ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አመልክተዋል። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ኩሬው ይሸታል፣ ትንኝ ይፈለፍላል፣ በአፈር ይደፈንልኝ ስትል በበኩሏ ከሰሰች። ተቆጣጣሪው ሁለቱን ክሶች በአንድ ጉዞ ለመጨረስ ዛሬ በአራት ሰዓት ይመጣል። ጋሽ አንቀጽ በማለዳ ዶማ ያነሡትም፣ እርጥቡን አፈር ቆፍረው በማስረጃነት ሊያሳዩት ነበር።

አንቀጽ ስማቸው አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ሲያገለግሉ፣ ሰው «እንደምን አደሩ» ሲላቸው እንኳ «በየትኛው አንቀጽ መሠረት?» ሊሉ የሚዳዳቸው ይመስሉ ስለነበር የወጣላቸው ቅጽል ነው። ጠልተውት አያውቁም። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ኩሬውን በገዛ እጃቸው ቆፍረው፣ በሲሚንቶ ለስነው፣ አሥራ አንድ ቀያይ ዓሦች አስገቡበት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ በእሳቸው ደንብ የሚተዳደር ነገር የቀራቸው ይኸው ኩሬ ብቻ ነበር። አሁን ግን ውሃው የተፈጨ ጎመን መስሏል። ዓሦቹም አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር እየለመኑ ነው።

ልጃቸው የጥርስ ብሩሿን በአፏ እንደያዘች ከበረንዳው ወርዳ ጉድጓዱን አጎንብሳ አየች።

«አባባ፣ ደረቅ ነው እኮ።»

«ገና አልጠለቀም።»

«ከዚህ በላይ ከቆፈሩ ራስዎን ነው የሚቀብሩት። ውሃው የተበላሸው የሴትየዋ ዛፍ ከተቆረጠ ወዲህ መሆኑን እያወቁት?»

«ዛፉ ቅጠሉን ያራግፍብኝ ነበር። አመለከትሁ፤ በሕጉ መሠረት ተቆረጠ።»

«ቅጠል በመረብ ይለቀማል። ፀሐይን በምን ሊለቅሟት ነው?»

ልጃቸው ወደ ሥራዋ እስክትሄድ ጠብቀው አፈሩን ወደ ጉድጓዱ መለሱት፤ በጫማቸውም ደጋግመው ረገጡት። ሲጨርሱ በግንቡ ሥር የተቆፈረ ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ተቆጣጣሪው በአራት ሰዓት ከሩብ መጣ። የሞተር ቆቡን በብብቱ እንደያዘ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ ኩሬውን ሲያይ፣ ልብስ አጣቢዋ እጅጌዋን እንደሰበሰበች፣ ክንዷ ላይ አረፋ እንዳለ ከተፍ አለች።

«ይኸው ሽታው! ሰውየው ዓሣ አይደለም የሚያረቡት የኔ ልጅ፣ ትንኝ ነው።»

«ያንቺን ሳሙና ጠጥቶ ነው እንዲህ የሆነው!» አሉ ጋሽ አንቀጽ።

«የእኔን ሳሙና ቢጠጣማ እንዲህ ይቆሽሽ ነበር? የእኔ ሳሙና የእርስዎን አንገትጌ እንኳ ያነጣል!»

ተቆጣጣሪው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ቅጹን አውጥቶ የሞተር ቆቡ ላይ ዘረጋና ወደ ጋሽ አንቀጽ ዞረ።

«አባቴ፣ ገና አምስት ቦታ ይቀረኛል። በአጭሩ እንጨርስ። የእጥበቱ ውሃ በዚህ በኩል ሲገባ አይተዋል? አይቻለሁ ብለው ከፈረሙልኝ እጥበቱን ከዛሬ ጀምሮ አግዳለሁ፤ ኩሬው አይነካም። ካላዩ ግን በኩሬው ላይ ነው የምወስነው።»

እስክሪብቶውን አቀበላቸው። ልብስ አጣቢዋ ክንዷ ላይ ያለውን አረፋ መጥረግ ጀመረች፤ ከጠረገችው በኋላም መጥረጉን አላቆመችም። ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚሁ እጥበት መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልመና ግን አልወጣትም።

«ይፈርሙ እንጂ! ዛፌን ያስቆረጡ ሰው ለእንጀራዬ ሊሳሱ ነው? በጠራራ ፀሐይ እንዳጥብ አድርገውኛል፤ አሁን ደግሞ ጨርሰው ጦሜን ያሳድሩኝ። ይፈርሙ! ሞትዎም እየፈረሙ ይሁን!»

ደማቸው ፈላ። ይህችን ሴት ጠልተዋታል፤ ድምፅዋን፣ ገመዷን፣ በየማለዳው ልብስ የምትደበድብበትን ዱላ ሳይቀር ጠልተዋል። እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አሳረፉ። «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው በግልጽ ታትሟል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ግን በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ያላዩትን አየሁ ብለው ፈርመው አያውቁም። ጠላኋት ማለት ሌላ ነው፤ አየሁ ማለት ሌላ። ለእሷ አልራሩም። ፊርማቸውን ግን ለእሷ ብለው ሊያዋርዱት ነው?

«አላየሁም» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«አላየሁም አልኩህ! አፈሩ ደረቅ ነው። ዛሬ ጠዋት ቆፍሬ አረጋግጫለሁ።»

«ታዲያ ውሃውን ምን አበላሸው?»

«ፀሐይ። እዚያ ማዶ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ነበረ። ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ። ጻፈው።»

ተቆጣጣሪው ሁለቱንም እያፈራረቀ አያቸውና ጻፈ። ከዚያም ውሳኔውን ነገራቸው፦ «ይህ አልጌ የሚባል የውሃ ውስጥ አረንጓዴ ነው። ፀሐይና የተረፈ ምግብ ያፋፋዋል። ለዓሦቹ የሚሰጡትን ምግብ ይቀንሱ፤ ውሃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቀይሩ። መድኃኒት ብለው እንዳይጨምሩ፤ አልጌው ባንዴ ከሞተ ዓሦቹን ይዟቸው ነው የሚሄደው። ከሁሉ በፊት ግን በግንቡ በኩል ጥላ ያድርጉለት። በሦስተኛው ቀን መጥቼ ጥላ ካላየሁ ኩሬው በአፈር ይደፈናል።»

ሞተሩ እየጮኸ ሄደ። ጋሽ አንቀጽ ግንቡን አዩ። የኩሬው ሲሚንቶ እስከ ግንቡ ሥር ድረስ ስለተለሰነ፣ በእሳቸው በኩል የቀረው አፈር ጠዋት የቆፈሩት አንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ ሁለት እንጨት አይተከልበትም። ልብስ አጣቢዋ በሩ ላይ ሳትደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሸራ መወጠር ይኖርብኛል። ሁለት እንጨት በአንቺ በኩል ላቁም።»

ቀስ ብላ ዞረች። «ዛፌ በነበረበት?»

«እዚያው።»

ሳቀች፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «እውነቱን ስለተናገሩ ይቅር የምልዎት መሰለዎት?»

«ይቅርታ አልጠየቅሁሽም። የእንጨት ማቆሚያ ነው የጠየቅሁሽ።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ያቅርቡ! አይቼ እመልስልዎታለሁ።»

የውጭው በር ድርግም አለ።

ጋሽ አንቀጽ ወደ ኩሬው ዳር ተመለሱ። ከዓሦቹ አንዱ በጎኑ ዘንበል ብሎ መንሳፈፍ ጀምሯል። በእንጨት ጫፍ ነካ ሲያደርጉት እንደ ምንም ተስተካከለ። ያን ጊዜ ወደ ቤት ገብተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ።

ከላይ በስተቀኝ ቀኑን ጻፉ። ቀጥለው «ለጎረቤቴ» አሉ፤ «ለክብርት» ለማለት እጃቸው እሺ አላላቸውም። «ጉዳዩ፦ ሁለት እንጨት ለማቆም ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብለው ከሥሩ አሰመሩበት። የእንጨቶቹን ቁመት፣ የሸራውን ስፋት፣ የሚቆምበትን ጊዜ ዘረዘሩ። አንድም ሕግ አልጠቀሱም። ፈረሙ።

ከፊርማው በታች እጃቸው ሳያስቡት «ግልባጭ፦» ብሎ ጻፈ፤ «ለጤና ጽሕፈት ቤት» ሲልም ቀጠለ። በዕድሜያቸው ያለ ግልባጭ ደብዳቤ ሰደው አያውቁም፤ የሚጽፉለት ሰው ሁሉ ከበላዩ ሌላ የሚያውቅበት እንዳለ እንዲሰማው ይፈልጉ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጡና ያቺን መስመር ተመለከቷት። ከግንቡ ማዶ የልብስ ዱላው መደብደብ ጀምሯል፤ ከወትሮውም የበረታ መሰላቸው።

ወረቀቱን ለአራት ቀደው ጣሉት። ንጹሕ ገጽ አወጡና፣ ያለ ግልባጭ እንደገና ከቀኑ ጀመሩ።